ወለጋ በስንት በር ይገባ ነበር?

ዛሬ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው ባብዛኛው የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ግምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ወይም አሶሳ የሚዘልቀው ደግሞ ከዚያው ይቀጥላል። ሰው ርቀትን የሚለካው ከራሱ ደጅ ስለሆነ ወለጋ በመሀል አገር ሰው ዘንድ ዳር አገር ተደርጎ ይታሰባል። የከተማዋን መስህቦች የሚዘረዝሩ ጽሑፎችም ይህንኑ አስተሳሰብ ተቀብለው የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት፣ የወለጋ ሙዚየምንና የኦነሲሞስ ነሲብን መቃብር ተራ በተራ ይቆጥራሉ። አንድ የአካባቢ ገዥ ቤተ መንግሥት፣ ከባርነት ወጥቶ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመ ሰው መቃብርና የጣሊያን ጄኔራል የተገደለበት ሜዳ በአንድ ከተማ ዙሪያ እንዴት ሊገናኙ ቻሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። መልሱ ያለው በመንገዶቹ ታሪክ ውስጥ ነው። ነቀምትና የወለጋ ከተሞች የበቀሉት አገሩ ብዙ በር ስለነበረው ነው። ዳር አገር መሆን ከጥንት የተጻፈባቸው ዕጣ አይደለም፤ በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ የመጣ፣ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት እምብዛም ያልዘለለ ነገር ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዋናው በር በሰሜን በኩል ነበር። ከምጽዋ የሚነሣው ሸቀጥ በጎንደር አድርጎ ጎጃም ይገባል፤ ባሶ ገበያ ላይ ከተራገፈና እጅ ከለወጠ በኋላ ቅፍለቱ ዓባይን ተሻግሮ ጉዱሩ፣ አሰንዳቦ ላይ ይወጣል። ከአሰንዳቦ ወደ ሌቃ ቢሎ፣ ከቢሎ ደግሞ ወደ ጅማና ወደ እናርያ ይቀጥላል። ወደ ደቡብ የሚጫነው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ነው። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ ነው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ስለነበር ሲራራ ነጋዴው ዓባይን ለመሻገር የሚከፍለው ድካም የሚካስበት ምክንያት ነበረው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ እናርያ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የካቶሊኩ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያም እ.ኤ.አ. በ1852 ዓባይን ተሻግረው ሚሲዮናቸውን የተከሉት አሰንዳቦ ላይ ነው። ሁለቱም ሰዎች ሰው የማያውቀውን ጥግ ፈልገው አልመጡም። ነጋዴ፣ ወሬና ገንዘብ ከሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ያረፉት።

ሌቃ ነቀምት የተባለችው ግዛት በዚህ የንግድ መረብ ላይ ሆና ተነሣች። አቀማመጧ ይረዳት ነበር። በስተምሥራቅ ወደ ጊቤ፣ በሰሜን ወደ ጉዱሩና ወደ ዓባይ፣ በምዕራብ ደግሞ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ነጆና ወደ ቤኒሻንጉል የወርቅ አገር የሚወስዱት መንገዶች የሚተላለፉት በእሷ አጠገብ ነው። በቀሬ ጎዳና የተባሉት መሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎሣዎችን በጦርም በዝምድናም አሰባስበው ኃይል ሲመሠርቱ ገበያንና መንገድን መጠበቅ የሥልጣናቸው አንድ ምሰሶ ነበር። ልጃቸው ሞረዳ በ1860 ዓ.ም. ገደማ ሲተኳቸው የወረሱት መሬትን ብቻ አልነበረም። ከሰሜን ሆኖ ግብር የሚጠይቀውን የጎጃምን ኃይልና ከምሥራቅ እየገፋ የሚመጣውን ሸዋን ማመዛዘን የሚጠይቅ ቦታም ወርሰዋል። በ1874 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ በተባለው ስፍራ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ተማረኩ። የዓባይ ማዶ ወርቅና ቡና ወደ ማን እንደሚሄድ በዚያ ቀን ተወሰነ። ሞረዳ የጦርነቱን ውጤት አይተው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በሰላም ገበሩ፤ የደጃዝማችነት ማዕረግም አገኙ። አገራቸውም የውስጥ አስተዳደሯን እንደያዘች ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ብዙ ከተሞች መነሻቸው ጦር የሰፈረበት ኮረብታ ነው፤ ገበያው የመጣው ወታደሩን ተከትሎ ነው ይባላል። ለብዙ ቦታ ይህ እውነት ነው፤ የወለጋም አንዳንድ ከተሞች ከዚህ አያመልጡም። ነቀምት ግን በዚህ ሚዛን አትለካም። የገዥው መቀመጫ ከእምባቦ በፊትም እዚያው ነበር፤ ከእምባቦ በኋላም ከውጭ የመጣ ሹም አልተቀመጠባትም። ከሞረዳ ሞት በኋላ ሥልጣኑ ለልጃቸው ለኩምሳ ተላለፈ። ደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ከ1880ዎቹ መባቻ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ገዙ። አገራቸውን ራሳቸው እንደገዙ የመቆየት ዕድል በዚያ ዘመን የገጠማቸው እንደ ጅማው አባ ጅፋርና እንደ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማዕከላዊው መንግሥት ይህን የፈቀደው በርኅራኄ አልነበረም። ወርቁ የሚመጣበትን መንገድ፣ የሚያመጣውን ነጋዴና በየወንዙ ማዶ ያለውን ባላባት የሚያውቅ ቤት ካፈረሰ ግብሩ እንደሚቀንስ ስላወቀ ነው።

ለዚህ ምስክር አለ። የነቀምት ቤተ መንግሥት ከአዲስ አበባ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች በመቶዎች ተቆጥረው ተርፈዋል። ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ያሉትን የወለጋ የታሪክ ሰነዶች አድርገው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትመዋቸዋል። ከተማው ዳር የነበረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አይመላለስበትም ነበር። የዚያ ዘመን ግብር በወቄት ይመዘናል፤ አንድ ወቄት ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ነው። ወርቁ ከወንዝ አሸዋ በገንቦ ውኃና በቅል ታጥቦ፣ በላባ ቀንድ ተጠራቅሞ፣ ከባላባት እጅ ወደ ገዥው ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤቱ በሚዛን ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። በእያንዳንዱ እርከን የሚጽፍ፣ የሚመዝን፣ የሚያጅብ ሰው ያስፈልጋል። የኩምሳ ሞረዳን ግቢ የሚጎበኝ ሰው በእንጨት የተሠራውን በረንዳና በግቢው ውስጥ የተበታተኑትን ቤቶች አይቶ ስለ ባለሥልጣን ምቾት ብቻ ቢያስብ ግማሹን ያጣል። አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ግምጃ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡት ግቢው መኖሪያም፣ ችሎትም፣ የግብር ማከማቻም ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው። በሮቹን እንዲህ ማወደስ በእነዚያው በሮች ተነድተው የወጡትን ሰዎች መርሳት አይሆንም ወይ? የባሶና የአሰንዳቦ ገበያ ጨውና ዝባድ ብቻ አልሸጠም፤ ሕፃናትን ሸጧል። ይህን ክዶ የወለጋን ንግድ ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ንግዱን የጠበቀው ገዥ ሁሉ ከዚህ ነጻ ነበር ማለትም አይቻልም። ይሁንና ይህ እውነት የመከራከሪያውን መነሻ አያፈርሰውም፤ የበሮቹን ዋጋ ግን በሁለት ዓይን እንድናይ ያስገድደናል። ነቀምት ከምትኮራባቸው ሰዎች የትልቁ ታሪክ የተሠራው በዚሁ የባሪያ መንገድ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ተወልደው በልጅነታቸው ተፈንግለው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። ምጽዋ ላይ በስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር አማካይነት ነጻ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ። እሳቸውም እንደ እሳቸው ከባርነት ከተፈቱት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው የኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግእዝ ፊደል፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና ታተመ።

ኦነሲሞስ በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ሲገቡ ደጃዝማች ኩምሳ ነቀምት ላይ ተቀበሏቸው። በአፋቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ከጽሑፍ ሲነበብ የሰሙ ሰዎች መደነቃቸው አይቀርም፤ አንዳንድ ቀሳውስት ግን ከሰሷቸው፤ ኦነሲሞስ እስከ ምኒልክ ችሎት ድረስ ቀረቡ። በመጨረሻ ነቀምት ላይ እያስተማሩ ኖረው በሰኔ 1923 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛ ሐሳብ ይመጣል። የወለጋን ከተሞች ከተማ ያደረጓቸው ሚሲዮኖች ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ማተሚያውን ይጠቅሳሉ። ሚሲዮኑ ለከተሞቹ ያደረገው ብዙ ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም። ማሳያ አሰንዳቦን፣ የስዊድኖቹ ሰዎች ቦጂንና ነቀምትን፣ አሜሪካኖቹ ሰዮን (የዛሬዋን ደምቢ ዶሎ) የመረጡት ከተሞቹ ቀድሞ ሰው የሚመላለስባቸው ስለነበሩ ነው። ኦነሲሞስንም ቢሆን ነቀምት ላይ ያቆያቸው ደጃፉን ሊዘጋባቸው የሚችል፣ ግን ያልዘጋባቸው ገዥ መኖሩ ነው።

ምዕራቡ በር ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት፣ ምናልባትም ከሁሉ በላይ ወለጋን ከዓለም ያገናኘው ነው። ይህ በር መጀመሪያ የታወቀው በጦርነት ነው። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. በነጆና በመንዲ አካባቢ በጉቴ ዲሊ የራስ ጎበና ሠራዊትና የወለጋ ገዥዎች ጦር ከሱዳን የመጣውን የመሐዲስቶች ኃይል አሸነፉ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ግን በዚያው አቅጣጫ የመጣው የውል ወረቀት ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የድንበር ውል ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ቀዝፈው እዚያ ይደርሳሉ፤ ጨው፣ አቡጀዲና የብረት ዕቃ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ኢትዮጵያ በስተምዕራብ ባሕር የላትም፤ በዓመት ለጥቂት ወራት ግን የሰዮ ቡና ነጋዴ ከመርከብ ጋር ቀጠሮ ነበረው።

ይህ ቀጠሮ የወለጋን አቀማመጥ አስመልክቶ ብዙ ጊዜ ለሚቀርብ ሌላ ክርክር መልስ ይሰጣል። ዓባይ፣ ዴዴሳና ዳቡስ አገሩን ከሦስት ወገን ከበው ስለያዙት ወለጋ በተፈጥሮ የተዘጋ ነው ይባላል። ወንዞቹ በክረምት መንገድ መዝጋታቸው አይካድም፤ ዴዴሳ ሲሞላ የበቅሎ ቅፍለት ዳር ላይ ሰፍሮ መጠበቅ ነበረበት። ባሮ ግን በተቃራኒው የሚከፈተው በክረምት ነው። ቡናው በበጋ ከደጋው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ ጋምቤላ መጋዘን ይከማቻል፤ የምሥራቁ መንገድ በጭቃና በሙላት ሲታገድ መርከቡ ይመጣል። ስለዚህ ወንዞቹ ግንብ አልነበሩም፤ የንግዱን የዓመት መቁጠሪያ የወሰኑ ናቸው። ነጋዴው ይህን ያውቅ ነበር፤ ባለሥልጣኑም ያውቅ ነበር፤ ኬላና ነጋድራስ የሚሾመውም በዚሁ ልክ ነው።

የሰዮ፣ በኋላ ደምቢ ዶሎ የተባለችው ከተማ፣ ታሪክ የዚህ በር ፍሬ ነው። ከኅዳር በሽታው በኋላ፣ በ1912 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ቤተሰባቸውን ይዘው ሰዮ ገቡ። የመጡት በአዲስ አበባ በኩል አልነበረም፤ በናይልና በባሮ ጋምቤላ ደርሰው፣ ከዚያ በበቅሎ ወደ ደጋው ወጡ። ወደ ዋና ከተማው የሄዱት ኋላ ነው፤ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ያቋቋሙትም ያን ጊዜ ነው። ዘመናዊ ሕክምና ከመሀል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል የሚለውን የተለመደ ሐሳብ ይህ አንድ ጉዞ ይገለብጠዋል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም በጎሬ፣ በጋምቤላና በሰዮ ሱቅ የከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1910ዎቹ መገባደጃ ላይ ደግሞ ዩብዶ ላይ ከቢርቢር ወንዝ አካባቢ ፕላቲነም መውጣት ጀመረ፤ ምዕራብ ወለጋ ከወርቅ ቀጥሎ ሌላ የከበረ ማዕድን ለዓለም ገበያ አቀረበ።

በሮቹ ብዙ መሆናቸው በፖለቲካው ምን ያህል እንደ ከበደ የታየው በ1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ ስትያዝ ምዕራቡ ለጥቂት ወራት ያልተያዘ አገር ሆኖ ቀረ። የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ጎሬ ባለው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ሥር ለመሆን ጥያቄ አቀረቡ። በዚያው ሰሞን የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ነቀምት ላይ አቋቋሙ። በሰኔ ወር ጣሊያኖች ነቀምትን በስምምነት እንይዛለን ብለው በቦነያ ሜዳ አውሮፕላኖቻቸውን አሳረፉ። ጥቁር አንበሶች ሌሊት ከበው አጠቋቸው፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ከነባልደረቦቻቸው ተገደሉ፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። የባላባቶቹን ጥያቄ ክህደት የሚሉት አሉ፤ ራስን የማዳን ጥበብ የሚሉትም አሉ። የትኛውም ፍርድ ቢሰጥ ሁለቱ ምርጫዎች በአንድ ከተማ በአንድ ወር ሊቀርቡ የቻሉት ነቀምት ወደ ምሥራቅ ብቻ የምትመለከት ከተማ ስላልነበረች ነው።

ታዲያ በሮቹ እንዴት ተዘጉ? የሰሜኑ ቀድሞ ደከመ። ከእምባቦ በኋላ ግብሩ ወደ ሸዋ ሲዞር ባሶና አሰንዳቦ ከሰሙ፤ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የምጽዋና የጎንደር መንገድ ለምዕራቡ ቡና ትርጉም አጣ። በጣሊያን ዘመን የተጀመረው የመኪና መንገድ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሲጠናከር ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ የብዙ ቀን ቅፍለት ጭነት ያነሣ ጀመር። ምዕራቡ በር እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ቆየ፤ ሱዳን ነጻ ስትወጣ የ1894ቱ ውል ጊዜው አለፈ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ያ ለአገሪቱ ሉዓላዊነት ተገቢ ድል ነበር፤ የመርከቡ ንግድ ግን እየከሰመ ሄደ። እዚህ ላይ አንባቢ፣ መንገዱ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መዞሩ ዕድገት አይደለም ወይ ቢል አይፈረድበትም። የአስፋልት መንገድ፣ ሆስፒታልና በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከቅፍለት ዘመን ጋር አይወዳደሩም። ሆኖም በአንድ በር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከተማ ያ በር በታወከ ቁጥር ይታፈናል። አሰንዳቦ ከስሞ ነቀምት የተረፈችበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ አሰንዳቦ የአንድ መንገድ ገበያ ነበር፤ ነቀምት ግን የብዙ መንገድ መገናኛና የገዥ መቀመጫ ነበረች።

ይህ ሁሉ ለጎብኚ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ነቀምትን የቤተ መንግሥትና የሙዚየም ከተማ ብቻ አድርጎ ማስተዋወቅ ሰውን ግማሽ ቀን አቆይቶ ይመልሰዋል። ጉዞው ግን በበሮቹ ቢታቀድ ሌላ ይሆናል፦ ከሻምቡና ከጉዱሩ ወደ ዓባይ የሚያይ የእምባቦና የአሰንዳቦ መስመር፤ ከነቀምት ዴዴሳን ተሻግሮ እስከ ግምቢ ቡና፣ እስከ ነጆና ጉቴ ዲሊ የሚዘልቅ የወርቅና የጦርነት መስመር፤ ከደምቢ ዶሎና ከቱሉ ወለል ተራራ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ የመርከብ መስመር። ወለል ብቻውን ከ3300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በግርጌው ያለው የዳቲ ወለል ፓርክ ጎሽና ጉማሬ ይኖሩበታል። የዓለም ቡና ገዢዎች እስካሁን የዚህን አገር ቡና በነቀምት ስም እየጠሩ ይገዛሉ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰው ግጭትና የመንገድ መቋረጥ በብዙ ሰው ሕይወትና ኑሮ ያስከፈለው ዋጋ ከማንኛውም የቱሪዝም ዕቅድ ይበልጣል፤ ሰላም ሳይመለስ ስለ ጉብኝት ማውራት ባዶ ነው። ሰላም ሲመለስ ግን የሚጠገነው የአዲስ አበባው መንገድ ብቻ ከሆነ ወለጋ ዳር አገር ሆኖ ይቀጥላል። የጉዱሩ፣ የቤኒሻንጉልና የጋምቤላ መንገዶችም አብረው መጠገን አለባቸው፤ ከተሞቹን መጀመሪያ ከተማ ያደረጓቸው እነሱ ናቸውና።